ባና የለበሰው ጊታር

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 1

እኔ ኃጢአተኛዋ ጽናት፣ ዛሬ በፍልሰታ ጾም መጀመሪያ፣ ዶፍ እየወረደ፣ የሬዲዮ ጠጋኙን የጋሽ ወንድምአገኝን ካቻቢቴ ሰርቄአለሁ። ትንሹን። ቢጫ እጀታ ያለውን። ለንስሐ አባቴ እንዳልናገር የአያቴ ጓደኛ ናቸው፤ ወሬው እኔን ቀድሞ ቤት ይገባል። ስለዚህ ለአንተ እናዘዛለሁ። ደብተር ሆይ፣ ፍታኝ። ቀኖናም ስጠኝ። ስግደት ግን አይሁን፣ ጉልበቴ ለመድረክ ያስፈልገኛል።

የሰረቅኩት ለጊታሩ ነው።

ጊታሩ ከወረዳው ግምጃ ቤት የወጣ ነው። በደርግ ጊዜ የራቤል ቀበሌ ኪነት ይጫወትበት ነበር አሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቀይ ጊታር ነው፣ ጠርዙ ተላልጧል። ኅዳር ላይ ለኪነት ቡድናችን ሲሰጥ የፈለገው ሰው አልነበረም። እኔ አነሳሁት። ዘጠኝ ወር ጣቴ እስኪላጥ ተለማመድኩ። ጣቶቼ አሁን ያውቃሉ። ድምፁ ግን… እንዴት ብዬ ልጻፈው? ባና ተከናንቦ ጥግ ላይ የሚያንጎራጉር ሽማግሌ። ማንጎራጎሩ ይሰማል፣ ቃሉ አይሰማም።

ዛሬ አቶ ፈንታ ሰበሰቡን። የወረዳው የባህል ኃላፊ፣ የኪነታችን አለቃ፣ የንግግር ባለጸጋ።

"ሚሊኒየም በሺህ ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው!"

ሁለቴ ይመጣል ያለ ሰው አልነበረም።

ነሐሴ 26 የበዓሉ ኮሚቴ ይሰማናል። ጊታሩ "እንደዚሁ የሚታፈን ከሆነ" ከደብረ ብርሃን ኪቦርድ ከነተጫዋቹ ይመጣል። ጊታሩ ወደ ግምጃ ቤት። እኔስ? "አንቺ ደግሞ እልልታሽ ጥሩ ነው" አሉኝ። እልልታዬ! ዘጠኝ ወር ሙሉ ጣቴ የተላጠው ለእልልታ ነው?

ካቻቢቴው ትራሴ ሥር ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 3

ከፈትኩት። አያቴ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይመለሱም፣ ተመስገን።

ሆዱ ውስጥ ሁለት የሚዞሩ ነገሮች አሉ። አንዱ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ያቀጥነዋል ያወፍረዋል። ፖቴንሽዮሜትር ነው ስማቸው፤ ጋሽ ወንድምአገኝ ሁሉንም "ቮልዩም" ይሏቸዋል። በሁለተኛው ላይ ቀጭኑን ድምፅ የምትውጥ አንዲት ካፓሲተር ተበይዳለች። የባቄላ ክክ ታህላለች፣ ቀለሟም እንደዚያው። 104 ተጽፎባታል።

ደግሞ ከጊታሩ ሳጥን ኪስ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ ፖቴንሽዮሜትር! የጊታሩ የራሱ፣ የድሮው። እግሩ ተሰብሯል። ጀርባው ላይ A500K ይላል፣ አምስት መቶ ኪሎ ኦም። አሁን ሆዱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ግን 10K ናቸው።

አምስት መቶ በነበረበት ቦታ አስር… ይሄን ጥበብ የሠራው ማነው?

አርብ፣ ነሐሴ 4

ጋሽ ወንድምአገኝ ናቸው። ራሳቸው ነገሩኝ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

"ያኔ ይሄን ጊታር የሚነካው ጠፍቶ ነበር። እኔ በአንድ ሰዓት ጠገንኩት!"

"ጋሼ፣ የድሮው እኮ አምስት መቶ ኪሎ ይላል። የገባበት አስር ነው።"

"ይዞራል አይዞርም?"

"ይዞራል።"

"በቃ! የቮልዩም ሥራው መዞር ነው።"

ጋሽ ወንድምአገኝ የከተማው ሬዲዮና ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ድሮ በጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት አገልግለዋል። የተከፈተ ሬዲዮ ባዩ ቁጥር "አስመራ እያለን…" ይጀምራሉ። ዛሬም አስመራ ደርሰን ተመለስን። ስንመለስ ግን የተሰበረውን አነሱ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ፣ በቴስተር ለኩት።

"ስሚ። የጊታር ጉልበት ትንሽ ነው፣ እንደ ሬዲዮ አይደለም። አስር ኪሎ ስታስገቢበት ከሥሩ በተሸነቆረ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። መጀመሪያ የሚፈሰው ቀጭኑ ድምፅ ነው። የሚቀርሽ ጉርምርምታው።" ቴስተሩን አስቀመጡ። "ለመሆኑ አስር ኪሎ ያስገባበት የትኛው ደንቆሮ ነው?"

አፌን ከፈትኩ።

"ካቻቢቴዬንስ አይተሻል? ቢጫዋን?"

አፌን ዘጋሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 7

ሳጥናቸውን ሙሉ ገለበጥነው። የሞተ ሬዲዮ አንጀት ብቻ። ከሥር አምስት መቶ ኪሎ ወጣ! አንድ። ዘለልኩ። ጋሽ ወንድምአገኝ አልዘለሉም።

"ፊደሉን አይተሻል? B ነው።"

ፊደል ምን ያደርጋል ብዬ ይዤ ሮጥኩ። ያደርጋል። ቁልፉ ሁለት ላይ ሲደርስ ይጮሃል፣ ከሁለት እስከ አስር ብታዞረው ለውጥ የለም። አቶ ፈንታን ቁጭ! "ክቡራትና ክቡራን" ላይ ይጮሃሉ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ያው ናቸው። እኔ ደግሞ ዘፋኟ ስትዘፍን ዝቅ ብዬ ከሥሯ መግባት፣ ስትጨርስ ቀስ ብዬ መውጣት አለብኝ።

ተመልሼ ሄድኩ። ተመልሼ እንደምመጣ ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ በርጩማው ወጥቶ ጠበቀኝ።

"B እኩል እኩል ነው የሚሄደው። A ቀስ ብሎ ጀምሮ ያድጋል። ጆሮ የሚወደው እሱን ነው። ይቺን B ለሁለተኛው ቁልፍ አድርጊያት፣ እዚያ አትከፋም። ለድምፁ ከፍታ ግን A ፈልጊ።"

"ከየት ጋሼ?"

"ከጃንሆይ ጊዜ ሬዲዮ። ውስጡ እንደ አምፖል የሚበራው፣ ሣጥኑ እንጨት የሆነው። ዛሬ ማን ቤት ይገኛል ብለሽ…"

ማን ቤት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። እግዚአብሔርም ያውቃል። ሁለታችንም አልተናገርንም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8

ስለ አያቴ ሬዲዮ ልጻፍ። እንዲሁ ልጻፍ እንጂ ምንም አላሰብኩም።

አያቴ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ አርባ ዓመት ዜማ አስተምረዋል። ጆሯቸው ጆሮ እንዳይመስልህ። ተማሪ ሦስት ቤት ማዶ ሆኖ ሲስት "ድገመው!" ይላሉ። እኔ ሳስነጥስ እንኳ "ዝቅ ብለሽ ጀመርሽው" ብለውኝ ያውቃሉ።

ሬዲዮው የሠርጋቸው ስጦታ ነው። ከሞተ ሃያ ምናምን ዓመቱ። እማዬ በዳንቴል ታለብሰዋለች፣ በዓል ሲመጣ ዳንቴሉ ይታጠባል፤ ከእኔ ነጠላ ቀድሞ! ማንም አይነካውም። አያቴ ብቻ በየምሽቱ፣ ከጸሎታቸው በፊት፣ ቁልፉን ያዞራሉ። ቀጭ። ይጠብቃሉ። "ዛሬም አልተናገረም" ይላሉ። መልሰው ያዞሩታል። ቀጭ። ሶኬት ላይ እንኳ አልተሰካም እኮ!

"አባባ፣ ለምን ይከፍቱታል?"

"ሰላምታ ነው። የታመመ ወዳጅ አይጠየቅም?"

ያ ቁልፍ ከጀርባው የተያያዘው ነገር… አይ። አላሰብኩም አልኩ እኮ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 9

አደረግኩት። ዝርዝሩን አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 10

ዝርዝሩን እጽፋለሁ፣ ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

አያቴ ቅዳሴ፣ እማዬ ወፍጮ ቤት። ዳንቴሉን አነሳሁ። የኋላውን ክዳን ስፈታ የሃያ ዓመት አቧራ አፍንጫዬ ገባ፣ አስነጠስኩ (ዝቅ ብዬ ጀመርኩት)። ፖቴንሽዮሜትሩን ሳወጣው ጀርባው ላይ… A500K። ሳምኩት። በእርግጥ አቧራውን ነው የሳምኩት።

በእሱ ቦታ የጊታሩን አስር ኪሎ አስገባሁ። ይዞራል አይዞርም? ይዞራል! ማን ያውቃል?

በአልኮል አጠብኩት፣ ለካሁት፣ ደህና ነው። ከጀርባው የሬዲዮው ማብሪያ ማጥፊያ ተጣብቆበታል፣ ለዚያ ጊታሩ ሆድ ውስጥ አልገባ አለኝ። ማጥፊያውን ባወጣው ፖቴንሽዮሜትሩን እንዳልሰብረው ፈራሁ። ሽቦ ሳላገናኝበት እንዳለ ተውኩትና ጉድጓዱን በቢላ ፋቅሁ። ገባ።

ከዚያ ምሽት ሆነ።

አያቴ ቁልፉን አዞሩ። ዝም። መልሰው አዞሩ። ዝም። ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው አስጠጉ።

"ድምፁ የት ሄደ?"

እማዬ፣ "አባዬ፣ ድምፅ ከሌለው ሃያ ዓመቱ አይደል?" አለች።

"የእሱን አላልኩም። የቁልፉን ነው።"

"እርጅና ነው አባባ" አልኩ።

"የእኔ ነው የእሱ?"

እማዬ ሳቀች። እኔም ልስቅ ሞከርኩ… አያቴ አልሳቁም። ሬዲዮውን እንደ ሕፃን ጭንቅላት ደባበሱት።

"እንዲያው ለመሰናበቻ እንኳ አንድ ቃል ነበረችው" አሉ።

እመልሰዋለሁ። ከበዓሉ በኋላ እመልሰዋለሁ። ሰምተሃል ደብተር?

እሑድ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ። መብራት የለም። ከረቡዕ ማታ ጀምሮ። ጊታር ያለ መብራት ከአጥር እንጨት በምን ይለያል? የአጥር እንጨትስ ከብት ያግዳል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 17

መብራት መጣ! ጾምም ትናንት ተፈታ! የትኛው የበለጠ እንዳስደሰተኝ ለንስሐ አባቴ አልነግራቸውም።

ቁልፉን አዞርኩ… ቀስ ብሎ ጎህ እንደሚቀድ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያንዳንዷ ቁጥር ሥራ አላት! ቀጭኗ ክር ሰማያዊ ሰማያዊ የምትሸት ድምፅ አወጣች። ሽማግሌው ባናውን አውልቆ ተነሣ! ብቻዬን ክፍሉን ዞርኩት።

ግን ሁለተኛው ቁልፍ… ስዘጋው ድምፁ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። እሷ የባቄላ ክክ ናት፣ 104። ጋሽ ወንድምአገኝ "በዝታለች፣ ቀጭኑን ብቻ አይደለም፣ መሐሉንም ትበላዋለች" አሉ። ከሞቱት ሬዲዮዎች ሦስት ነቅለው ሰጡኝ። 473፣ 223፣ 102። ቁጥሩ ሲያንስ የምትበላው ያንሳል። የትኛዋ ናት? "ጆሮሽ ይምረጥ" አሉኝ።

ጆሮዬ አልመረጠም። አሥር ጊዜ በየድኩ፣ አሥር ጊዜ ነቀልኩ፣ አንድ ጣቴን ጠበስኩ። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ሆነብኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 19

ይሄ ቀን በወርቅ ይጻፍ። ቢክ ነው ያለኝ፣ በቢክ ይጻፍ።

ጓዳ ሆኜ ከ104 ጀምሬ እንደገና እሞክራለሁ። ሁለተኛውን ቁልፍ እስከ መጨረሻ ዘግቼ አንድ ሐረግ ተጫወትኩ። አያቴ በጭቃው ግድግዳ ማዶ ተኝተው ነበር። መስሎኝ ነበር።

"ይሄ ሰውዬ ጉንፋን ይዞታል?"

ደነገጥኩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተቆጡም። ቀስ ብዬ 104ን ነቀልኩ፣ 102ን በየድኩ፣ ያንኑ ሐረግ ደገምኩ።

"አሁን ደግሞ ጥርሱን ያፋጫል!"

ኧረ? ገባኝ! እየተጣደፍኩ 473።

"እ… ይሄ ይሻላል። ግን አፉ ውስጥ በሶ አለ። ይዋጠውና ይበል።"

223። መጀመሪያ ክፍት አድርጌ፣ ከዚያ ዘግቼ፣ ከዚያ መሐል ላይ።

ዝም።

ደገምኩት።

ዝም። እንቅልፍ ወሰዳቸው ብዬ አንገቴን በበሩ አስገባሁ። ተነሥተው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታል።

"አትንኪው" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ወፍራም ሲሆንም ቃሉ ይሰማል። እሱን ተዪው።"

"አባባ! ጊታር ይወዳሉ እንዴ?"

"ዘፈን አልወድም። የሚስት ሰው ሰምቶ ማለፍ ግን አልችልም። በይ አሁን ልተኛበት።"

አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ካፓሲተር መረጡልኝ። ሳያውቁት! ብልጧ ማናት? እኔ ነኛ!

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 26

ዛሬ ተሰማን።

የወረዳው አዳራሽ። ፊት ወንበር ላይ የበዓሉ ኮሚቴ፣ አቶ ፈንታ መሐል… ከጎናቸው አያቴ! ለቡራኬ ኮሚቴ ውስጥ እንዳስገቧቸው የነገረኝ የለም።

ተጫወትን። ከዘፋኟ ሥር ገባሁ፣ ዝቅ አልኩ፣ ስትጨርስ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ከኋላ የተቀመጡት ማጨብጨብ ጀመሩ። ጋሽ ወንድምአገኝ በር ላይ ቆመው ለማያውቁት ሰው "ያን የጠገንኩት እኔ ነኝ" ይላሉ።

ስንጨርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ጅል፣ ድምፁን እስከ ዜሮ መለስኩት።

ቀጭ።

ያ ማጥፊያ! ሽቦ የሌለው ማጥፊያ! ባዶ አዳራሽ ውስጥ ዶማ የወደቀ መሰለኝ። አያቴ አቀርቅረው ነበር። ራሳቸው ቀስ ብሎ ቀና አለ። መጀመሪያ ጊታሩን አዩ። ከዚያ እኔን። እኔ ጣራውን አየሁ። ጥሩ ጣራ ነው።

አቶ ፈንታ ተነሡ። "ጥሩ ነው፣ ግን ኪቦርድ ዘመናዊ ነው፣ ሚሊኒየሙም ዘመናዊ ነው… ለማንኛውም የድምፅ ነገር የሚያውቁ አባት አሉልን። መሪጌታ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

አለቀልኝ። በአደባባይ ነው የሚሉት። ሌባ ይሉኛል፣ ጊታሩ ይፈታል፣ እኔም በእልልታ ዕድሜዬን እፈጃለሁ።

አያቴ በምርኩዛቸው ወደ መድረኩ መጡ። ጎንበስ አሉ። በሁለት ጣታቸው፣ ልክ ቤት እንደሚያደርጉት፣ የጊታሩን ቁልፍ ያዙ። ቀጭ። ከፈቱት። ቆሙ። ጣቴ አመለጠኝና አንዷን ክር ነካኋት። ድምፅዋ አዳራሹን ዞረችው።

አያቴ ጎንበስ እንዳሉ ጢማቸው ተንቀሳቀሰ።

"ቃሉ ይሰማል" አሉ። "ኪቦርዱ እዚያው ደብረ ብርሃን ይቅር።"

ሄደው ተቀመጡ። ሌላ ምንም!

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 3

ምንም አይሉም። አንድ ሳምንት ሙሉ። በየምሽቱ የሬዲዮውን ቁልፍ ያዞራሉ፣ ዝም ይላል፣ "ዛሬም አልተናገረም" ይላሉ… ከዚያ እኔን ያዩኛል። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ የሩፋኤል ዝናብ ዘነበ፣ ሁላችን ወጥተን ተጠመቅን። "ደህና ታጠቢ፣ በተለይ እጅሽን" አሉኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 2፣ 2000 ዓ.ም

ትናንት አዲስ ዓመት፣ አዲስ ሺህ። ሜዳው ሞልቶ ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ነበር። ስለ ራሴ ብዙ አልጽፍም፣ ትሕትና ነው። ሁለቴ ድገሙ ተባልን። አቶ ፈንታ በንግግራቸው "በእኔ ሐሳብ አመንጪነት የታደሰው ጊታር" አሉ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ለውጥ አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ካቻቢቴውን ይዤ ጋሽ ወንድምአገኝ ዘንድ ሄድኩ። ንስሐ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር…"

"ያዢው። ከወሰድሽው ቀን ጀምሮ ያንቺ ነው።"

"ያውቁ ነበር?!"

"ከበርጩማዬ ሥር ያለ ዕቃ ሲሄድ አላይም?" ሬዲዮ ላይ አቀረቀሩ። "እኔም አንድ ነገር አለኝ። ያን አስር ኪሎ ያስገባው… እኔ ሳልሆን አልቀርም።"

"አይ ጋሼ! እውነት?"

"አታሹፊ። በይ ቁጭ በይና ይቺን በይጂ። ከዛሬ ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ ትመጫለሽ።"

ስለዚህ አሁን ሁለት ነገር አለኝ። ጊታርና የራሴ በርጩማ። እልልታዬን ለፈለገ በነጻ እሰጣለሁ።

የቀረው ሬዲዮው ነው። ቃሌን አልረሳሁም። የገባሁት ለአንተ ነው፣ አንተ ደግሞ አትረሳም። ፖቴንሽዮሜትሩን ብመልስ ጊታሩ ባናውን መልሶ ይለብሳል። ባልመልስ… "ለመሰናበቻ አንድ ቃል ነበረችው" አሉ እኮ። አሁን ይሄን የምጽፈው ጓዳ ውስጥ ነው፣ ጊታሩ ጭኔ ላይ፣ ካቻቢቴው በእጄ። ልፍታው አልፍታው? እማዬ ዳንቴሉን ታስተካክላለች። አያቴ ከቤተ ክርስቲያን ገብተዋል፣ ምርኩዛቸው ሲደገፍ ሰማሁ። አሁን ቁልፉን ያዞራሉ፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ…

አላዞሩትም። ለምን አላዞሩትም? በርጩማ ሲጎትቱ ይሰማኛል። ከግድግዳው ማዶ፣ ልክ ከጎኔ፣ ተቀመጡ።

"ጽናት!"

መጻፌን አላቆምኩም።

"ጽናት! እዚያ መሆንሽን አውቃለሁ፣ ቢክሽ ሲፍቅ ይሰማኛል። ካቻቢቴውን አስቀምጪና ሬዲዮዬን ይዘሽ ነይ። ያችን የምትዘፍነዋን። ዛሬ የምከፍታት እኔ ነኝ።"